ቁጥር 40 ከየት መጣ?

ሱቄ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ጫፍ ላይ ነው። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚያጨቃጭቀን ዋጋ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ከዋጋው ይልቅ ቁጥሩ ነው። በእኛ ሰፈር የዘይት ቁጥር እንደ ወታደር ማዕረግ ነው የሚታየው፦ 50 ከ40 ይበልጣል፣ 40 ከ30 ይበልጣል፣ 20 ተራ ወታደር ነው። ቪትዝ የሚነዳ ልጅ ይመጣና «እታለም፣ ሃያ ሃምሳ ስጪኝ» ይለኛል።

«የአንተ መኪና እኮ አምስት ሠላሳ ነው የሚጠጣው።»

«እሱማ ውሃ ነው! መካኒኬ ወፍራሙን ግዛ ብሎኛል።»

ገንዘቡ የእሱ ነው፤ እሸጥለታለሁ። ግን ጊዜ ካለው ወንበር እስብለትና አጫውተዋለሁ፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር ስለ ዘይቱ ጥራት ምንም አይናገርም። በተወሰነ ሙቀት ላይ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ብቻ ነው የሚናገረው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ በሰው አገር ብርድ፣ ኋላም በሰው አገር ሕግ የተቀረጸ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መኪና ከመፈጠሩ በፊት ማሽን የሚቀባው በሞራ፣ በዓሣ ነባሪ ዘይትና በመሳሰለው ነበር። የእንፋሎት ሞተር ሲግል ሞራው ያርራል፣ ይኮመጥጣል፣ ብረቱንም ይበላል። በ1866 ጆን ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ድፍድፍ ነዳጅ ለመድኃኒት ይሆን እንደሆነ ሲመረምር መድኃኒቱን አጣ፣ ቅባቱን አገኘ፤ ከእሱ ኩባንያ ነው ኋላ ቫልቮሊን የሚለው ስም የወጣው። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ ውስጥ፣ ቫኪዩም ኦይል ተቋቋመ፤ የሞቢል አያት እሱ ነው። ከቫኪዩም ኦይል ወጥቶ በ1899 የራሱን ቤት የከፈተው እንግሊዛዊ ቻርልስ ዌክፊልድ ደግሞ በ1909 ለመኪናና ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን ዘይት ሲያወጣ የጉሎ ዘይት ቀላቀለበትና ካስትሮል አለው። ጉሎ ያው አያቴ ወቅጣ ምጣድ ታስስበት የነበረው ጉሎ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙዎቹ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተራቸው ራሱ የሚሽከረከር ስለነበር የጉሎ ዘይት እየጠጡ ርጭቱንና ጭሱን ፓይለቱ ላይ ይተፉበት ነበር። ጉሎ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ የአገሬ ሰው የእነዚያን ፓይለቶች መከራ ሳይነገረው ይገባዋል።

ቁጥር ግን ገና የለም። ቫኪዩም ኦይል ሞቢሎይል ያለውን ዘይቱን የሚለየው በፊደል ነበር፦ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ለብርድ ደግሞ «አርክቲክ»። ነጂው የመኪናውን ስም ከኩባንያው ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል፤ ሰንጠረዡም በሞቃቱ ወራት ይህን፣ በበረዶው ወራት ያንን ጨምር ይለዋል። ሌላው ነጋዴ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» እያለ ይሸጣል፤ የአንዱ መካከለኛ የሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ጠያቂም የለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ «ሲድሌይ» መኪናውን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ሲያደርስ ካርተሩ ውስጥ የነበረው ዘይት ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ቁጥር አልነበረውም።

ውፍረት ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አንድ ሰው በአጋጣሚ ደርሶበት ነበር። ይህን ታሪክ ስናገር ሱቁን መዝጋት እስኪረሳኝ ድረስ ደስ ይለኛል። ሰውየው ቦሻምፕ ታወር ይባላል፤ በ1883 በእንግሊዝ የሜካኒካል መሐንዲሶች ተቋም ታዞ የባቡር አክሰል በብሮንዚኑ ላይ ሲዞር ምን ያህል እንደሚፋተግ ይለካ ነበር። ብሮንዚኑ የሚያርፈው በአክሰሉ በላይኛው በኩል ብቻ ነው፤ የአክሰሉ የታችኛው ጎን ዘይት ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ታወር ዘይት ከላይ ለመጨመር ብሎ የብሮንዚኑን አናት በሳ። ማሽኑ ሲነሣ ዘይቱ በቀዳዳው መግባቱ ቀርቶ እየተንፎለፎለ ወጣ። ወለሉን እንዳያበላሽበት በቡሽ ወተፈው፤ ቡሹ ተስፈንጥሮ ወጣ። በእንጨት ወተፈው፤ እንጨቱም እየተገፋ ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠመበት። መርፌው በካሬ ኢንች 200 ፓውንድ አለፈ፤ ከላይ የተጫነው ጭነት ተካፍሎ ሲታይ ግን 100 ያህል ብቻ ነበር።

ብረቱ ብረት ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው። የሚዞረው አክሰል ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፣ ዘይቱም መውጫ ሲያጣ ግፊት ፈጥሮ ጭነቱን ሁሉ ይሸከማል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ነገሩን በሒሳብ አስቀመጠው፤ ዛሬም የቪትዙ ኮሎ ሲዞር በዚያው ሒሳብ ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከቀጠነ በጎን ሾልኮ ያመልጣል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ሞተሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው ዘይቱን በማማሰል ነው፤ ብርድ ላይ ጭራሽ ወደ ላይኛው ክፍል፣ ወደ ቴስታታው፣ ቶሎ አይደርስም። የእኔና የመካኒኩ ክርክር በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ውፍረትን መለካት ቀላሉ ነገር ነበር፣ መስማማቱ ግን ዓመታት ወሰደ። አሜሪካ ውስጥ የሴይቦልት መሣሪያ ነበር፦ 60 ሚሊ ሊትር ዘይት በቀጭን ቀዳዳ ፈሶ እስኪያልቅ ስንት ሰከንድ ፈጀ? እንግሊዝ ውስጥ የሬድውድ፣ እሱ 50 ሚሊ ሊትር ነው። ጀርመን ውስጥ የኤንግለር፣ 200 ሚሊ ሊትር፤ እሱም ከውሃ ጋር እያነጻጸረ ነው የሚያወጣው። አባቴ በበኩሉ አራተኛ መሣሪያ ነበረው፦ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ። ዘይት ከበርሜል በእጅ ፓምፕ እየተሳበ በሊትር በሚሸጥበት ዘመን አንድ ጠብታ በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ያደርግና ያሻል፣ ይለያያቸዋል፣ ክሩ ሲረዝም እያየ «ይሄ ናፍጣ ነክቶታል» ይላል። እኔ እንደ እሱ የሚያውቅ ጣት የለኝም፤ ለዚህም ነው ማንበብ የጀመርኩት።

በ1905 ኒውዮርክ ላይ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ተቋቋመ። በጣሳው ላይ የምናያት ኤስኤኢ የምትለዋ የእሱ ናት። በ1911 የመጀመሪያውን የዘይት መስፈርት አወጣ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60 የሚሉት መደቦች በገበያው ላይ ጸኑ። መደብ ነው የምለው፦ 40 የሚለው ቁጥር አርባ ሰከንድ፣ አርባ ዲግሪ ወይም አርባ የሆነ ሌላ ነገር አይደለም። የ40 መደብ ከዚህ እስከዚህ ያለውን ውፍረት ሁሉ ያቅፋል፤ በዛሬው ልክ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ጀምሮ 16.3 እስኪሞላ ድረስ ያለው ሁሉ 40 ነው። ስለዚህ የአንዱ ኩባንያ 40 ለ30 ጥቂት የቀረው፣ የሌላው 40 ደግሞ 50 ሊገባ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው እንዳታለልኳቸው ነው የሚያዩኝ።

የዚያ ዘመን መለኪያ ሁሉ የተወሰደው በሙቅ ዘይት ነው፤ ቀጭኖቹ በ130 ፋራናይት፣ ወፍራሞቹ በ210፣ ማለትም ውሃ ሊፈላ ሲል። የበረዶው ሌሊት ግን በውሃ ማፍያ ሙቀት አያልፍም። ሰዎቹ መኪናቸውን በማኖቬላ እየጠመዘዙ በሚያስነሡበት ዘመን ዘይቱ እንደ ሰም ይረጋባቸው ነበር፤ አንዳንዱ ማታ ዘይቱን ከካርተሩ አውጥቶ ቤት ያስገባና ጠዋት ምድጃ ላይ አሙቆ ይመልሰዋል፣ አንዳንዱ ላምባ እየጨመረ ያቀጥነዋል። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ ሞተሪኖ ካመጣ በኋላ ድካሙ ከሰው ክንድ ወደ ባትሪ ዞረ እንጂ ዘይቱ አልተለወጠም። በ1933 ማኅበሩ 10ደብሊውና 20ደብሊው የሚሉ መደቦችን አመጣ። ደብሊው ዊንተር ናት፤ የእነሱ የበረዶ ወራት።

አንድ አስቂኝ ነገር አለ። የእነዚህ የብርድ መደቦች ልክ በዜሮ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ሴንቲግሬድ ላይ፣ ተደነገገ። ግን በዚያ ብርድ ለረጅም ጊዜ ማንም አልለካውም። ዘይቱን በሁለት ሙቀት ይለኩታል፣ ሁለቱን ነጥብ ወረቀት ላይ ያገናኛሉ፣ መስመሩን ወደ ብርዱ ስበው ያነቡታል። መስመሩ ቀጥ ብሎ እስከሄደ ድረስ ደህና ነው።

ችግሩ ሁሉም ዘይት በብርድ እኩል አለመወፈሩ ነው። ይህን ያወቁት የነዳጅ ኩባንያዎቹ ቀድመው ነው። በ1929 ዲንና ዴቪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ መለኪያ አወጡ፦ የፔንሲልቬኒያን ዘይት፣ ሙቀት ሲለዋወጥ ውፍረቱ ብዙም የማይለዋወጠውን፣ 100 አሉት፤ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚወጣውን፣ በሙቀት ውሃ በብርድ ሙጫ የሚሆነውን፣ ዜሮ አሉት። ሌላው ዘይት በሁለቱ መካከል ቦታውን ይያዝ ተባለ። ዛሬ በፋብሪካ የሚቀመሙት ዘይቶች 100ን አልፈው ይሄዳሉ። ከዚያ ኬሚስቶቹ ረዣዥም የፖሊመር ክሮች ዘይቱ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ብርድ ላይ ይኮማተራሉ፣ ሙቀት ላይ ይዘረጋሉና ዘይቱ ሲግል እንዳይቀጥን ይደግፉታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሁለት ቁጥሩ ዘይት፣ 10ደብሊው30 እና የመሳሰለው፣ ገበያ ገባ። ከዚያ በፊት በየወቅቱ ይለወጥ የነበረው ዘይት አንድ ሆነ።

ወደ ሱ ፎልስ ልውሰዳችሁ። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በወረቀት ላይ መስመር መሳቡ ቀርቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሞተሪኖ ቀዝቃዛ ሞተር ሲያዞር የሚገጥመውን ትግል የሚመስል መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። በ1980 እና 81 መካከል በነበረው የበረዶ ወራት ግን ሱ ፎልስ ውስጥ ሞተሮች ነደዱ። መኪናዎቹ ጠዋት ያለ ችግር ተነሥተዋል፤ መሣሪያው የሚፈትነው እሱን ብቻ ነው፣ ዘይቱም አልፎት ነበር። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ፓምፑ ዘይት አጣ። ብርዱ ያን ጊዜ ቀስ እያለ፣ ወደ ሁለት ቀን ያህል ወስዶ ነው የወረደው፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው ሰም በዚያ ዝግታ እንደ መረብ ተያይዞ ረጋ። ፓምፑ አጠገቡ ያለውን ጠጥቶ ጉድጓድ ተወ፣ ከጎን ያለው ዘይት ወደ ጉድጓዱ አልፈሰሰም፣ ፓምፑ አየር ሳበ። ያንኑ ዘይት ላቦራቶሪ ውስጥ በፍጥነት አቀዝቅዘው ሲፈትኑት ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ነው ዘይቱ ሁለት ቀን በዝግታ እየቀዘቀዘ የሚፈተንበት መንገድ የመጣው። ዛሬ አንድ ዘይት 5ደብሊው የሚባለው ከዜሮ በታች 30 ላይ ሞተሪኖው ካዞረው፣ ከዜሮ በታች 35 ላይ ደግሞ ፓምፑ ከሳበው ነው። 20ደብሊው በሞተሪኖው በኩል የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከዜሮ በታች 15 ሆና አታውቅም። ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥልባታል፣ ያ ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ባሌ ላይ ሰነቴ አምባ የከፋ ነው፤ እዚያ ግን ማን መኪና ያሳድራል? ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ለእኛ ሥራ ፈት ነው የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ ግማሽ ልክ ናቸው። ሞተሩ ባይነሣ የሚል ስጋት የለብንም። ግን 20ደብሊው50 በ40 ዲግሪ 160 ሴንቲስቶክ አካባቢ ሲሆን 5ደብሊው30 ግን 65 አካባቢ ነው፤ በኅዳር ጠዋት ሰባት ስምንት ዲግሪ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። ሞተሩ በተነሣባቸው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቴስታታው ዘይት የሚጠብቀው ከዚያ ከወፈረው ነው።

የወፍራም ዘይት ፍቅራችን ከሞኝነት አልመጣም። አባቴ ሱቁን የከፈተው የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። ተሳቢ የሚነዱት ሾፌሮች ሌሊት ጣርማ በርን ያልፋሉ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በኮምቦልቻ፣ በባቲ ወርደው ሚሌ ሲደርሱ ምድጃ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። የሚገዙት ቁጥር 40 ነበር፣ ያለ ደብሊው፣ ነጠላው። አፋር ላይ ያ ዘይት ልክ ነው። ብርዱ ላይ ግን ረዳቱ ሞተሩን አስነሥቶ ረጅም ጊዜ ሳይነዳ ያሞቀዋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አያጠፋውም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ ጉዞው ወደ ጅቡቲ ከዞረ በኋላም 40 አብሯቸው ዞረ።

ሁለተኛው ምክንያት ያረጀ ሞተር ነው። ከዱባይም ከአውሮፓም ተነድቶ ተነድቶ የመጣ መኪና ፋሻው ሳስቶ፣ ብሮንዚኑ ሰፍቶ ዘይት ይበላል። ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት ጭሱ ይቀንሳል፣ የዘይቱ መብራት ትጠፋለች፣ ባለቤቱ ሞተር የሚያስወርድበት ቀን ይገፋለታል። ይህ እውነት ነው፣ እኔም ለእንደዚህ ያለው መኪና 50 እሸጣለሁ። የሚያናድደኝ ለአሮጌ የታዘዘው ለአዲሱም ሲታዘዝ ነው። በአዲሱ ሞተር ብረትና ብረት መካከል ያለው ክፍተት የተሠራው ለቀጭን ዘይት ነው፣ የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክሉት ክፍሎችም በዚያው ዘይት ግፊት ነው የሚሠሩት።

ቀጭኑን ዘይት ያመጣው ደግሞ ብርድ አይደለም። በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከከለከሉ በኋላ አሜሪካ በ1975 ሕግ አወጣች፤ መኪና ሠሪዎች ከሚሸጡት መኪና ሁሉ አማካይ የነዳጅ ፍጆታ ይጠየቁ ጀመር። ዘይቱ ሲቀጥን ሞተሩ ጥቂት ነዳጅ ይቆጥባል፤ ለአንድ ሾፌር የማይታይ ነው፣ ለፋብሪካ ግን በሚሊዮን መኪና ተባዝቶ ይታያል። 10ደብሊው40 ለ5ደብሊው30፣ እሱም ለ5ደብሊው20፣ ከዚያ ለ0ደብሊው20 ቦታ ለቀቀ። ማኅበሩ በ2013 ከ20 በታች 16ን፣ በ2015 ደግሞ 12ን እና 8ን ጨመረ። ስለዚህ ያው ሞተር አሜሪካ በተሸጠው መኪና መመሪያ ላይ አንድ ቀጭን ቁጥር ብቻ ሲጻፍለት፣ ለሌላ አገር በታተመው ላይ በአየሩ ሙቀት እየተለየ ሦስት አራት ቁጥር ሊፈቀድለት ይችላል። ሞተሩ ያው ነው፣ ሕጉ ነው የተለየው። ደንበኛዬ መመሪያውን ይዞ ከመጣ መጀመሪያ የማየው የታተመበትን አገር ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ባዶ የዘይት እቃ ቆራሌው በደህና ዋጋ ይገዛል፤ ክዳኑ ደህና ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ለምን እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ 5ደብሊው30 በሚል ጣሳ ከተመለሰ ያ ሁሉ የአንድ መቶ ዓመት ልኬት ከንቱ ነው። እኔ እዚህ ዘይት ለሚቀይሩ ደንበኞቼ ባዶውን እቃ ከማስረከቤ በፊት ታችኛውን ጎኑን በጋለ ሚስማር እበሳዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ላምባ ሊይዝበት አስቦ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩ መኪና ካርተር የለውም፣ ፋሻ የለውም፣ ዘይት አይበላም። ጎረቤቴ ሱቅሽ ሊዘጋ ነው ይለኛል። ለጊዜው ነጠላውን 40 ለወፍጮ ቤትና ለጄኔሬተር፣ 15ደብሊው40ን ለአይሱዙ፣ 5ደብሊው30ን አንብቦ ለሚመጣ፣ 20ደብሊው50ን መካኒኩ ላዘዘለት እያቀረብኩ ነው፤ 0ደብሊው20 ሁለት ካርቶን አስገብቼ አንዱ እንደተቀመጠ አለ። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጥቶ የማርሽ ቤቷን ዘይት ጠየቀኝ። መመሪያውን በስልኩ አሳየኝ፤ ዘይቷ ከማውቃቸው የማርሽ ዘይቶች ሁሉ የቀጠነች ናት።

«እትዬ፣ ትንሽ ወፈር ያለ የለሽም?» አለኝ።